አደራ ብቻ አይበቃም

ከድሬዳዋ ብዙም ሳይርቅ፣ ቁልቢ ላይ፣ የሐረርጌው ገዥ ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. አረፉ። ታናሹን ልጃቸውን ተፈሪን ለአጼ ምኒልክ አደራ ብለው ነበር። ምኒልክም ልጁን በቤተ መንግሥት አሳደጉት፤ የሐረርን ግዛት ግን ለታላቅ ወንድሙ ለደጃዝማች ይልማ ሰጡ። ይልማ በ1900 ዓ.ም. ሲሞቱ ግዛቱ ለደጃዝማች ባልቻ ሆነ። ተፈሪ የአባታቸውን ወንበር ያገኙት በ1902 ዓ.ም. ነው። ሹመቱ የንጉሡ እንጂ የቤተሰቡ ርስት አልነበረምና።

የእኛ ቤትስ ምን ይሆናል? በድሬዳዋና በአዲስ አበባ በሚሠራው የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ መሠረት ከባልና ሚስት አንዱ ሲሞት የጋራ ንብረታቸው እኩል ይከፈላል። ግማሹ በሕይወት ላለው ነው። የሟች ድርሻ ኑዛዜ ከሌለ ለልጆች ይተላለፋል፤ ሴትና ወንድ ሳይባል እኩል ይካፈላሉ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚስት ያለ ኑዛዜ የባሏ ወራሽ አይደለችም፤ ባልም የሚስቱ ወራሽ አይደለም።

ስለዚህ እህቶችና ወንድሞች፣ በጤናችሁ ቀን ተቀምጣችሁ ተመካከሩ። ኑዛዜውን ተናዛዡ ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይጥቀስ። አለዚያም በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ይፈረም። ሁለታችሁ ግን በአንድ ወረቀት ላይ አትናዘዙ፤ ሕጉ አይቀበለውም። ኑዛዜ መጻፍ ሞትን መጥራት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ልጆች ግን ከለቅሶው ድንኳን ወጥተው በፍርድ ቤት ደጅ እንዳይቆራቆሱ የሚጠብቃቸው ይኸው ወረቀት ነው።