ድረ ገጽ ከመሠራቱ በፊት የፋይሉ ቦታ ይታሰብበት

በውጭ አገር የሚገኙ ዕድሮች፣ ማኅበራትና የእምነት ተቋማት ድረ ገጽ ሲያሠሩ በአብዛኛው የሚወያዩት ስለ ቀለሙ፣ ስለ ዓርማውና ስለ ፎቶግራፉ ነው። ፋይሎቹ የት ይቀመጡ፣ ምን ተብለው ይሰየሙ የሚለው ግን ለአንድ በጎ ፈቃደኛ ወጣት ይተዋል። እርሱ ሥራ ወይም ከተማ ሲቀይር መተዳደሪያ ደንቡና ቃለ ጉባኤው የት እንዳሉ የሚያውቅ ይጠፋል። ጉዳዩ የማኅበር ታሪክ ጉዳይ ስለሆነ ውሳኔውም የማኅበሩ ሊሆን ይገባል።

በቀላል ድረ ገጽ ላይ አድራሻው የሚከተለው በሰርቨሩ ውስጥ ያለውን የፎልደር ቅደም ተከተል ነው። ፋይሉ ወደ ሌላ ፎልደር ሲዛወር አድራሻው ይለወጣል፤ ቀድሞ ለአባላት የተላከው ሊንክም አይከፈትም። የድር ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ጽሑፍ ጥሩ አድራሻ የማይለወጥ አድራሻ መሆኑን አስገንዝቧል። ድር የተወለደበት የምርምር ማዕከል ሰርንም እ.ኤ.አ. በ2013 የመጀመሪያውን ድረ ገጽ በቀድሞ አድራሻው መልሶ አቁሞታል።

ዕቅዱ ውስብስብ አይደለም። በዋናው ፎልደር ውስጥ ኢንዴክስ ዶት ኤችቲኤምኤል የሚባለው መግቢያ ገጽ ይቀመጣል፤ ከጎኑ ለምስል፣ ለሰነድና ለዜና የተለያዩ ፎልደሮች ይከፈታሉ። ዜናው በዓመት ይከፈላል። እዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠሩ አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ «2010» የሚል ፎልደር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ የሚይዘው እ.ኤ.አ. የ2017 እና የ2018ን ሥራ ነው። ሁለቱ አቆጣጠሮች ከተቀላቀሉ ፈላጊው ይሳሳታል።

የፋይል ስም በትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ ያለ ክፍት ቦታ ቢጻፍ ይመረጣል። በዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ትልቁና ትንሹ ፊደል እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ግን ይለያያሉ። በቤት የሠራው ሊንክ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ እምቢ የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

የአማርኛ ስም መተው ቋንቋውን መናቅ ነው የሚሉ ይኖራሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ ሆኖም አንድ የአማርኛ ፊደል በአድራሻ ውስጥ ሲገለበጥ ብዙ ጊዜ ወደ 9 ምልክቶች ይለወጣል። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒዩተር ሁለት ስሞች ናቸው። የቋንቋው ክብር በገጹ ርእስና በጽሑፉ ይጠበቃል፤ የፋይል ስም ተግባር ዕቃውን ማስገኘት ብቻ ነው።

እንግዲህ ማኅበራት የፎልደሮቹን ዝርዝርና የስም አሰጣጡን ደንብ በአንድ ገጽ ጽፈው ከቃለ ጉባኤያቸው ጋር ሊያኖሩት ይገባል። ድረ ገጹን በኋላ የሚረከበው ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከዚያ ወረቀት ነው።