ያገለገለ መኪናና የሻጭ ዋስትና

ከደዶ ወረዳ አንድ የቤተ ሰብ አባት ለዚህ ዐምድ በላኩት ደብዳቤ ምክር ጠይቀውናል። የዘንድሮውን የቡና ገንዘብ በዕቁብ ከደረሳቸው ጋር ደምረው አንድ ያገለገለ ቶዮታ ኮሮላ ለመግዛት አስበዋል። አሮጊት እናታቸው ለሕክምና ቀጠሮ በየወሩ ከሼኪ ወደ ጅማ ስለሚመላለሱ፣ መኪናው ለቤቱ ጌጥ ሳይሆን መገልገያ እንዲሆን ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው ሻጭ «ተመርምሮ የተረጋገጠ ነው፤ የስድስት ወር ዋስትና እሰጣለሁ» በማለት፣ ዋስትና ከሌለው ተመሳሳይ መኪና ዋጋ በላይ ከዐሥር አንድ እጅ ጭማሪ ይጠይቃል። ባለቤታቸው ግን ገንዘቡ ለላምና ለቤት ክዳን ቆርቆሮ ቢውል ይሻላል ባይ ናቸው። በባልና በሚስት መካከል ዳኛ ሆነን ለመቆም አንደፍርም፤ ሆኖም የእመቤቲቱ ፍርሃት ያለ ምክንያት አለመሆኑ ከዚህ በታች ይታያል።

በሌላው ዓለም መኪና ባረጀ ቍጥር ዋጋው ይወርዳል። በእኛ አገር ግን ሰው ለብዙ ዓመት የነዳውን መኪና ከገዛበት ዋጋ በላይ ሲሸጠው ማየት የተለመደ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ዐዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ የብር ዋጋ እጅግ ወረደ። እንግዲህ ዋጋው የተወደደው አሮጌው መኪና ስለ ተሻሻለ አይደለም፤ ምትኩን ማግኘት ስለ ከበደ እንጂ። ገዢው የሚከፍለው ገንዘብ በዝቷል፤ የሞተሩ ዕድሜ ግን እንደ ቀድሞው እያጠረ ይሄዳል።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1970 ዓ.ም. ስለዚሁ ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ጽፎ በ2001 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው አንዱ ሆኗል። የመኪናውን ጉድለት ሻጩ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለሚጠራጠር መካከለኛውን ዋጋ ብቻ ይሰጣል፤ ደኅና መኪና ያለው ሰው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያው ይወጣል፤ የሚቀረውም መጥፎው ነው። የዚህ ነገር አንዱ መድኀኒት፣ ሻጩ ለተናገረው ቃል በራሱ ገንዘብ ዋስ እንዲሆን ማድረግ ነው። በአሜሪካ የመኪና ሠሪዎች ያገለገለውን መኪና በወኪሎቻቸው አስመርምረውና አስጠግነው፣ ከዋስትና ወረቀት ጋር የሚሸጡት ስለዚህ ነው። በዚያ ወረቀት ላይ የሚቆመው ፋብሪካው ስለ ሆነ፣ ገዢው በየከተማው ወኪሉን ያገኛል።

ከደዶ ሆነን ስናየው ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የሻጩ ጋራዥ አዲስ አበባ ነው፤ ከጅማ እስከዚያ ያለው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ካምቢዮው በሼኪ ዳገት ላይ ቢሰበር፣ «አምጡትና በነጻ እንሠራዋለን» ማለት ምን ይጠቅማል? ለማስጐተቻ የሚወጣው ገንዘብ ጥገናውን ሊበልጥ ይችላል። «የተረጋገጠ» የሚለውም ቃል አረጋጋጩ ማን እንደ ሆነ ካልተጻፈ ወሬ ነው። ብዙ ሰዎች በመስተዋቱ ላይ የተለጠፈውን ቦሎ እንደ ዋስትና ይቈጥሩታል፤ ቦሎ መኪናው በተመረመረበት ጊዜ በመንገድ ለመሄድ ብቁ መሆኑን ያሳያል እንጂ፣ ሞተሩ ለከርሞ ይደርሳል አይልም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ስውር ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል። ገዢም ዕቃውን ሳይዘገይ መመርመርና ጉድለት ካገኘ ፈጥኖ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ተዋዋዮቹ ይህን ዋስትና በውል ሊቀንሱት ይችላሉ፤ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኰል ሸሽጎ እንደ ሆነ ግን ያ የውል ቃል አይረጋም። ደላላ በሚያስጽፈው ውል ላይ «አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ» የሚል ቃል ሳይታሰብ ይገባል፤ ገዢው ሳያነብ የሚፈርመው ይህንኑ ነው። በኋላ ተንኰሉን ማስረዳት የእርሱ ሸክም ይሆናል።

ነቢዩ ኤርምያስ ከአጎቱ ልጅ መሬት በገዛ ጊዜ ብሩን በምስክሮች ፊት መዝኖ፣ ውሉን ጽፎና አትሞ፣ የታተመውንና የተከፈተውን ሁለቱን ቅጂ በሸክላ ዕቃ እንዲቀመጥ አድርጓል። ሻጩ ዘመዱ ነበር፤ ቢሆንም ጻፈ። እኛ ግን የማናውቀውን ሰው «የሃይማኖት ሰው ነው» ስለ ተባለልን ብቻ የዓመት ልፋታችንን እናስረክበዋለን።

ስለዚህ ለደዶው ወንድማችን የምንለው ይህ ነው። በሊብሬው ላይ የተጻፈው ስምና የሚፈርመው ሰው አንድ መሆኑን፣ የሞተሩና የሻንሲው ቍጥርም ከሊብሬው ጋር መስማማቱን ይመልከቱ። ዋስትናው ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና ፍሪሲዮኑን በስም ጠርቶ፣ ጥገናውም በጅማ ከተማ በሻጩ ወጪ እንደሚሠራ በውሉ ይጻፍ። እንዲህ ከሆነ ጭማሪው አይቈጭም። በዕቁብ የደረሳቸው ገንዘብ ቀሪ ዙር አለበትና፣ መኪናው ተሰብሮ ቢቆምም ዕቁቡ መከፈሉ አይቀርም፤ ባለቤታቸው የፈሩትም ይህንን ይመስለናል። ሻጩ ጅማን አልጽፍም ካለ ግን ያ ከዐሥር አንድ እጅ በእጃቸው ይቅር። ከእርሱ ላይ ለአንድ የታመነ የጅማ መካኒክ የደርሶ መልስ መሳፈሪያና የቀን ዋጋ ከፍለው ይዘውት ይሂዱ፤ የሚተርፈውንም ለፍሬን ሸራና ለፍሪሲዮን መለወጫ ያስቀምጡት፤ የደዶ ቍልቍለት ሁለቱንም ፈጥኖ ይጨርሳልና።