ሶሉን ቀንሱልን!

ማራቶን ማየት እየሰለቸን ነው። ሩጫው አይደለም ያሰለቸን፤ ከሩጫው በኋላ የሚመጣው የጫማ ወሬ ነው። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ስትገባ የቀድሞውን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለችው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያኑ ናቸው)። በማግስቱ ግን ወሬው ሁሉ ስለ 138 ግራሙ የአዲዳስ ጫማ ሆነ። እሷም ጫማውን ከፍ አድርጋ አሳየች። ስፖንሰር ነውና አንፈርድባትም። እኛን የሚያናድደን በልጅቷ ሳንባና እግር የመጣ ድል ለስፖንጅ መሰጠቱ ነው። ስንቱን ጫማው፣ ስንቱን እሷ እንደሮጠች ማን ለይቶ ይነግረናል?

ሕግ የለም አንልም። የዓለም አትሌቲክስ በ2020 የጎዳና ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ በውስጡም ከአንድ በላይ ጠንካራ ዝርግ እንዳይኖር ደንግጓል። ይህን ሕግ የቀመሰው የእኛው ደራራ ሁሪሳ ነው። በ2021 ቪየና ላይ አንደኛ ገባ፤ የሶሉ ውፍረት 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘና ድሉን ተነጠቀ። ሕግ ነው፣ ይሁን። ግን 50ው ማጭበርበር ከሆነ 40ው በምን ጸደቀ? በመም ላይ እኮ ከኅዳር 2024 ጀምሮ ጣሪያው 20 ሚሊ ሜትር ነው! አስፋልት ላይ ሲደርስ እጥፍ የሚሆንበት ምክንያት አልገባንም። (የጫማ ሻጮቹ ሳይገባቸው አልቀረም።)

«ቴክኖሎጂን መቃወም ኋላ ቀርነት ነው» የሚሉን አሉ። ዋናተኞቹን ይጠይቁልን። በ2009 ሮም ላይ በፕላስቲክ ነክ ዋና ልብስ በአንድ ሻምፒዮና 43 የዓለም ክብረ ወሰኖች ተሰበሩ። በ2010 ልብሱ ታገደ፤ ዋና አልሞተም። ጦር ውርወራም እንዲሁ ነው። ኡቨ ሆን በ1984 104.80 ሜትር ሲወረውር ሜዳው ሊጠብ ሆነ፤ በ1986 የወንዶቹ ጦር ሚዛኑ ወደ ፊት እንዲያደላ ተደረገና የክብረ ወሰን መዝገቡ እንደ አዲስ ተጀመረ። ዛሬም ጦር ውርወራ ይታያል፤ እንዲያውም ይወደዳል።

አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ገባ። እግሩን እንጂ ሌላ ማንን ያመሰግናሉ? በባዶ እግር ሩጡ አላልንም፤ ጫማ እግርን ይጠብቅ፣ ግን አይሩጥ።

ደግሞስ ዋጋው! የትዕግሥት ጫማ ለገበያ ሲወጣ 500 ዶላር ነበር፤ በዛሬው ምንዛሪ ከ60 ሺህ ብር በላይ ማለት ነው። አምራቹ ራሱ ለመለማመጃ ከሚሆን ጥቂት ሩጫ ጋር ለአንድ ማራቶን የተሠራ ነው ብሏል። ደሴ ሆጤ ሜዳ ዙሪያ በልባሽ ጫማ የሚሮጥ ልጅ ይህን ከየት ያመጣል? ስፖንሰር የሚመጣው ሰዓት ላስመዘገበ ነው፤ ሰዓት ለማስመዝገብ ደግሞ ጫማው ያስፈልጋል። አዙሪት ነው፤ ልጁ ከመነሻው ደቂቃዎች ተቀድሟል።

የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን በዓለም ስብሰባ ላይ ድምፅ አለው፤ ለጎዳናም 20 ሚሊ ሜትር ይባል ብሎ ይጠይቅልን። እስከዚያው የደሴና የኮምቦልቻ ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ፈቃድ ሳይጠብቁ መጀመር ይችላሉ። መነሻው ኮምቦልቻ፣ መድረሻው ደሴ፣ ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መሐል ላይ የሐረጎ ዳገት። ዳኛው መነሻ ላይ ማስመሪያ ይዞ ይቁም፤ ሶሉ ከ20 ያለፈ አውቶቡስ ተሳፍሮ ይምጣ። ያን ቀን እኛ ሐረጎ ላይ ቆመን እናያለን።