የሮም ዜና በአንድ ቀን፣ የጓደኛችን ዜና በሦስት ሳምንት

ይህ አምድ «የእኔ ሐሳብ» የሚባለው ነው። ስለዚህ የምጽፈው የክበቡን ሳይሆን የራሴን ሐሳብ ነው። የክበባችን ተጠሪ መምህር አንብበውት «ይውጣ» ብለዋል። ከክበቡ ልጆች ሁለቱ ግን ተቀይመውኛል። ይቀየሙ፤ እኔም ከምወቅሰው ክበብ ውስጥ አለሁበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። የፈረንጆቹም ፋሲካ በዚያው ቀን ስለነበረ ዓለም አንድ ላይ አከበረው። በማግስቱ ሰኞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ አረፉ። እኛ ማክሰኞ ከበዓል ስንመለስ ገና ባንዲራ ሳይሰቀል ሞንታርቦው ተተክሎ፣ ማይኩ ተሞክሮ፣ ዜናው ተጽፎ ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሲስተር አርመውልኝ በሰልፍ ላይ ተነበበ። ሁሉም ሰው ጸጥ ብሎ ሰማ፤ ሌላ ጊዜ ከኋላ የሚሳሳቁት የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ።

ከዚያ በኋላማ በየቀኑ ነው። ቅዳሜ ሚያዝያ 18 ተቀበሩ፤ ሰኞ አነበብን። ካርዲናሎቹ ሊመርጡ ተሰበሰቡ፤ አነበብን። 133ቱ መራጮች ውስጥ የእኛው ብፁዕ ካርዲናል ብርሃነኢየሱስ ሱራፌል እንዳሉበት ስናነብ ጭብጨባው ሲቀላ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ሐሙስ ሚያዝያ 30 ምሽት ነጭ ጭስ ወጣ ተባለ። አርብ ግንቦት 1 ጠዋት በ2 ሰዓት እኛ ሊዮ 14ኛ መመረጣቸውን፣ አሜሪካ ተወልደው ፔሩ ውስጥ ብዙ ዓመት እንዳገለገሉ አንብበን ጨርሰናል። አንዲት የክፍላችን ልጅ፣ ሙስሊም ናት፣ ጭሱ እንዴት አንዴ ጥቁር አንዴ ነጭ እንደሚሆን ጠይቃኝ ለሳይንስ ክበብ ወሰድኩላት። ኬሚካል ይጨመርበታል አሏት። ደስ አላት።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ልንመካበት አይደለም። ማለቴ ትንሽ ልመካበት ነው፤ ጥሩ ሠርተናላ። ግን በዚያው ሦስት ሳምንት ውስጥ ከክፍላችን አንድ ልጅ ጠፍቶ ነበር።

ስሙን አልጽፍም፤ እንዳልጽፍ ለምኖኛል። ከኋላ ረድፍ በመስኮቱ በኩል ነው የሚቀመጠው። በጸሎተ ሐሙስ ዋዜማ ወደ ቤተሰቦቹ ሄደ። ቤተሰቦቹ ከከተማው ውጭ ጫሞ በኩል በቆሎና ሙዝ ያለማሉ። ማክሰኞ ስንመለስ እሱ የለም። ስም ጥሪ ላይ «የለም» ተባለ። በማግስቱም «የለም»። ከሳምንት በኋላ የክፍል አለቃው ስሙን ሲጠራ ሳይጠብቅ ራሱ «የለም» እያለ ያልፈው ጀመር። የሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን አለፈ፣ የሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን አለፈ። በመሃል የሒሳብ ቴስት ተሰጠ፣ የእንግሊዝኛ ተሰጠ። ሰኞ ግንቦት 4 ሲመጣ ዩኒፎርሙ ሰፍቶት ነበር። ልብሱ አይደለም የሰፋው፣ እሱ ነው የከሳው።

«ምን ሆነህ ነው?» ስንለው ነው የሰማነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ዝናቡ ስለመጣ ቤተሰቡ ደግመው ዘሩ። ዘንጀሮና ከርከሮ ዘሩን ከመሬት እየቆፈረ ይበላልና እሱ ጥበቃ ተደረገ። ሌሊት ከርከሮውን ሲጠብቅ ደግሞ ትንኟ እሱን ትጠብቃለች። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ብርድ ብርድ አለው፤ ወባ ነው። ጤና ጣቢያ ሄዶ የሦስት ቀኑን ክኒን ዋጠ። ሦስተኛውን ሳምንት አቅም አጥቶ ተኛ። በቃ ይኼ ነው።

ሮም ከዚህ ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ነው? የእሱ ቤት ደግሞ በባጃጅና በእግር ይደረሳል።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። እኔ ጥፋቱ የክፍል አለቃው ወይም የመምህሩ ብቻ አይመስለኝም። ጥፋቱ እኛ ፀደይን አለማወቃችን ነው። አትሳቁ፣ ላስረዳ።

ፀደይ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን መስከረም ነው፣ አደይ አበባ፣ ቢጫ መስክ። በክበባችንም በየዓመቱ መስከረም ላይ የፀደይ ግጥም ይነበባል። እኔም ባለፈው ዓመት አንብቤያለሁ። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ግን የተማርነው ሌላ ነው። በአባቶቻችን አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ይባላል። ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። ማለትም አሁን! ፋሲካ ራሱ በባሕረ ሐሳብ ከመጋቢት 26 ቀድሞ፣ ከሚያዝያ 30 ዘግይቶ አይውልም። ስለዚህ ፋሲካ ሁልጊዜ በፀደይ ውስጥ ነው። (ሊዮ 14ኛ የተመረጡት ፋሲካ ሊውልበት በሚችለው በመጨረሻው ቀን ነው፤ ይህን ያወቅሁት እኔ ነኝ፣ ከማንም አልገለበጥኩም።)

የሚቲዎሮሎጂ ሰዎች ደግሞ ዓመቱን በሦስት ነው የሚከፍሉት፤ በልግ፣ ክረምት፣ በጋ። በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። በአዲስ አበባና በሰሜን በኩል በልግ ትንሽ ዝናብ ነው፤ ትልቁ የክረምቱ ነው። በእኛ በአርባ ምንጭ ግን ይገለበጣል። ትልቁ ዝናባችን የሚያዝያና የግንቦት ነው። ሁለተኛው ከመስከረም ጀምሮ በጥቅምት የሚመጣው ነው። የሳይንስ መምህራችን ምክንያቱን በሰሌዳ ላይ ስለውልናል። ፀሐይ መጋቢት ላይ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ስትሻገር የዝናብ ቀበቶ ተከትሏት ይወጣል። መስከረም ላይ ስትመለስ ደግሞ ተከትሏት ይወርዳል። እኛ ደቡብ ስለሆንን ሲወጣም ሲወርድም በላያችን ያልፋል። አያቴ ይህን ቀበቶ አታውቀውም፤ ግን ጉልበቷን ሲያማት «ሊመጣ ነው» ትላለች፣ ይመጣልም።

ታዲያ የትምህርት ካሌንደሩን እዩት። ትምህርት የሚዘጋው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ ለሌላው አገር ሲበረታ። የእኛ ትልቅ ዝናብ የሚመጣው የሁለተኛው መንፈቅ እምብርት ላይ፣ ልክ ቴስት ሲበዛ ነው። ዘር፣ ጥበቃ፣ ውኃ ያቋተ ጉድጓድ፣ ትንኝ፣ ትኩሳት ሁሉም በአንድ ላይ። የወባ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው በተኛ ውኃ ላይ ነው። ትኩሳቱ ደግሞ በተነከሱበት ቀን አይመጣም፣ ብዙ ጊዜ ከሳምንት በኋላ ነው። ለዚህ ነው ልጁ በፋሲካ ሰሞን ተነክሶ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የተኛው። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ የሚቀሩ ልጆች በአጋጣሚ አይደለም የሚቀሩት፤ በየዓመቱ ሊቀሩ እንደሚችሉ ቀድሞ ይታወቃል። የሚታወቅ ነገር ደግሞ ዜና ብቻ ሳይሆን ዝግጅት ነው የሚፈልገው።

የክበባችን ሰብሳቢ «ዜና ማለት ትልቅ ነገር ነው» አለችኝ። አልስማማም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ የጋሞ ሰዎች ተገድለው እዚህ ወጣቱ ተቆጥቶ ሲወጣ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። ገና አንደኛ ክፍል የገባሁበት ዓመት ነው፤ አባቴ ሲያወራው እንጂ አላየሁትም። ያ ነገር አገር ሁሉ ያወቀው አንድ ሰው ከዚሁ ቆሞ አይቶ ስላወራው ነው። ከእኛ ሰፈር የሚወጣ ዜና ሁሉ ትንሽ አይደለም ለማለት ነው።

አሁን የምጠይቀውን ልናገር። አንደኛ ነገር፣ መጀመሪያ «የቀሩ ተማሪዎች ስም በየሳምንቱ አርብ በማይክ ይነበብ» ብዬ ነበር። ተጠሪያችን ቲቸር «ልጁ ታሞ ከሆነስ? ቤቱ ቸግሮት ከሆነስ? በማይክ ታሳፍሩታላችሁ?» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ትቼዋለሁ። ቁጥሩ ብቻ ይነበብ፤ ከ7ኛ ክፍል ይህን ያህል፣ ከ5ኛ ይህን ያህል። አንድ ልጅ ሦስት ቀን ሲቀር ግን ጎን የሚቀመጠው ልጅ ለክፍል ኃላፊው ይንገር፣ ኃላፊው ወደ ቤት ይደውሉ። ስልክ ካልሠራ አንድ የዚያ ሰፈር ልጅ ይጠይቅ። ደብተሩን ደግሞ ጎኑ የሚቀመጠው ይጻፍለት፤ ሁለት ጊዜ መጻፍ ለራስም ማጥኛ ነው። የእኔ ጽሑፍ አይነበብም የምትሉ አታመካኙ፣ ቀስ ብላችሁ ጻፉ።

መምህሮቻችንን የምለምነው ደግሞ፣ ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ላይ ቴስት እንዳይበዛ፣ ቢሰጥም ለቀረ ልጅ ድጋሚ እንዲኖር ነው። የ8ኛ ክፍል ልጆች ሰኔ ላይ ክልላዊ ፈተና አለባቸው፤ የሚያዝያን ትምህርት ያመለጠው ልጅ ሰኔ ላይ ከየት ያመጣዋል? አንድ መምህር ይህን ስነግራቸው «ከፈቀድን ሁላችሁም በቆሎ ጠባቂ ትሆናላችሁ» አሉ። ውሸት አይደለም። በቆሎ ጥበቃ ነኝ ብለው ሲቀላ ጆተኒ ቤት የሚውሉ አሉ፤ እናውቃቸዋለን። ግን ለአምስት ጆተኒ ተጫዋች ተብሎ አንድ በወባ የተኛ ልጅ ዜሮ ማግኘት የለበትም። በዚያ ላይ ወደ ቤት ቢደወል ጆተኞቹም ይያዙ ነበር።

በገና ጊዜ ድራማ ሠርተን ነበር፤ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዷን በግ ፍለጋ የሄደውን እረኛ። እኔ በግ ነበርኩ፣ ከዘጠና ዘጠኞቹ። (በጎቹ በእርግጥ አሥራ አንድ ነበርን።) ልጁ ሦስት ሳምንት ሲጠፋም እንደ በጓ ነው የሆንኩት፤ ሣሬን እበላ ነበር።

ሌላው ሐሳቤ ስለ ዝናቡ ራሱ ነው። ከተማችን የምትጠጣው ከአርባዎቹ ምንጮች ነው፣ ስሟም ከዚያ ነው። በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተከፈተው እዚሁ ነው፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው። አባያ ለምን እንደሚቀላ፣ ጫሞ ለምን እንደማይቀላ እንግዳ ሲጠይቀን ብዙዎቻችን «ተፈጥሮው ነው» ብለን እንገላገላለን። አባያን የሚያቀላው ወንዞች ከየተራራው ጠርገው የሚያመጡት አፈር ነው፤ የሰው እርሻ ነው እዚያ ሐይቅ ውስጥ ያለው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ በጎረቤታችን በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬቱ ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ብዙዎቹ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ነበሩ። የትምህርት ቤት ዝናብ መለኪያ ያንን ያስቀር ነበር አልልም። ግን በውኃ ከተማ ተምሮ ትናንት ስንት ዘነበ ሲባል «ብዙ» ብሎ መመለስ ያሳፍራል።

መለኪያው ገንዘብ አይጠይቅም። የሃይላንድ ጠርሙስ አናቱን ቆርጦ እንደ ማንቆርቆሪያ መገልበጥ ነው። የጠርሙሱ ታች ጎርባጣ ስለሆነ ጠጠር ጨምሮ እስኪስተካከል ውኃ መሙላት፣ ከዚያ ላይ ዜሮ ብሎ ማስመሪያ መለጠፍ። ዛፍና ጣሪያ በሌለበት ይቀመጣል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው፤ የሰልፍ ሜዳችንን ርዝመትና ስፋት ለክታችሁ አባዙት፣ ትደነግጣላችሁ።

እኔና ያ ልጅ ባለፈው ሐሙስ አንዱን ሠርተን ከላይብረሪው ጀርባ አስቀምጠናል። ቅዳሜ ሌሊት ዘነበ። ሰኞ ጠዋት ሁለታችን ለየብቻ አነበብነው፤ አልተስማማንም። እኔ ከላይ ሆኜ አይቼ ነው፣ እሱ ተንበርክኮ በዓይኑ ትክክል አይቶ። መምህራችን የእሱ ነው ልክ አሉ። ጠርሙሱን እባካችሁ አትርገጡት፣ ውኃም አትጨምሩበት። ትናንት የጨመረበት ሰው ማን እንደሆነ አውቀናል።