የኢንሱሊን ሰዓትና የማዕድ ሰዓት

መድኃኒት ሁሉ በልኩና በጊዜው ሲወሰድ ያድናል፤ ልኩን ሲያልፍ ወይም ጊዜውን ሲስት ይጎዳል። ለስኳር በሽታ የሚሰጠው፣ ኢንሱሊን የሚባለው መርፌም ከዚህ ውጭ አይደለም። በዚህ ወር ዓምዳችን መርፌው ስለሚያመጣው ጉዳት መጻፋችን ሕመምተኛው መድኃኒቱን ፈርቶ እንዲሸሽ አይደለም፤ ከእርሱ ጋር በአንድ ማዕድ የሚቀርበው ቤተሰብ ጉዳቱን አስቀድሞ ዐውቆ እንዲጠብቀው ነው እንጂ።

ኢንሱሊን በጤነኛ ሰው ሰውነት ውስጥ ቆሽት የሚያመነጨው ነው። ሥራውም ከምግብ የተገኘውን ስኳር ከደም አውጥቶ ወደ ሰውነት ክፍሎች ማስገባት ነው። ቆሽቱ ይህን ማመንጨት ያቆመበት ሰው ቢበላ አይበረታም፤ ቢጠጣ ጥሙ አይቆርጥለትም፤ ሽንቱ ይበዛል፤ ሰውነቱም ዕለት ዕለት ይከሳል። መድኃኒቱ ከመገኘቱ በፊት እንዲህ ያለ በሽታ የያዘውን ሕፃን የሚጠብቀው ሞት ነበር።

በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት የተባሉት ተመራማሪዎች በ1921 እ.ኤ.አ. ይህን ነገር ከእንስሳ ቆሽት ለይተው አወጡ። በጥር ወር 1922 እ.ኤ.አ. ሊዮናርድ ቶምሰን ለሚባል የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያው መርፌ ተሰጠው። መድኃኒቱ ገና በደንብ ስላልተጣራ የተወጋበት ስፍራ አብጦ መግል ቋጠረ፤ ስኳሩም እንደ ታሰበው አልወረደም። ሐኪሞቹ ግን ጉዳቱን አይተው መድኃኒቱን አልጣሉትም። ጄምስ ኮሊፕ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ አጣራው፤ ከ12 ቀን በኋላ እንደ ገና ቢወጉት የልጁ ስኳር ወረደ፤ ብርታትም አገኘ፤ ከዚያም ወዲያ 13 ዓመት ኖረ። እኛም ዛሬ ስለ መርፌው ጉዳት ስንሰማ ልናደርግ የሚገባን ይህንኑ ነው፤ መንሥኤውን መርምሮ ማረም እንጂ መድኃኒቱን መጣል አይደለም።

ዛሬ የሚሰጠው ኢንሱሊን ከዚያን ጊዜው እጅግ የተጣራ ነው። ቢሆንም በአንድ ስፍራ ብቻ ደጋግሞ መወጋት ከቆዳ ሥር የስብ እብጠት ያመጣል፤ በእብጠቱ ላይ የተወጋ መድኃኒትም አንድ ቀን ዘግይቶ፣ አንድ ቀን ፈጥኖ ስለሚሠራ ያሳስታል። ስለዚህ ሆድንና ጭንን እያፈራረቁ፣ በአንዱም ክፍል ላይ ቦታ እየለወጡ መውጋት ይገባል። ሕክምናው በተጀመረ ሰሞን ዐይን ለጥቂት ሳምንታት ሊደበዝዝ፣ እግርም ሊያብጥ ይችላል፤ ክብደትም ይጨምራል። ከስንት አንድ ጊዜ ደግሞ ሽፍታ ይወጣል፤ ፊት የሚያብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ጉዳት የደም ስኳር ከልክ በታች መውረድ ነው። ሐኪሞች በ1 ዴሲሊትር ደም ውስጥ ያለው ስኳር ከ70 ሚሊግራም ሲያንስ ወረደ ይላሉ። መርፌው አንድ ጊዜ ከተወጋ በኋላ ሰውየው ቢበላም ባይበላም፣ ቢያርፍም ቢያርስም ሥራውን አያቆምም።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሀብሩ ወረዳ በውርጌሳ የሚኖር አንድ ገበሬ እናስብ። ይህ ሰው ጠዋት በ1 ሰዓት ኤን ፒ ኤች የሚባለውን፣ እንደ ወተት የነጣውን ኢንሱሊን ተወጋ። መድኃኒቱ መሥራት የሚጀምረው ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ኃይሉ የሚበረታው ግን ከአራት ሰዓት ወዲያ ነው፤ ይኸውም ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምሮ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ማለት ነው። በዚያው ሰዓት ገበሬው ማሽላውን ሲያርም ወይም ሲያጭድ ይውላል፤ ጉልበት ያለበት ሥራም ራሱን ችሎ ስኳርን ያወርዳል። ዕለቱ የጾም ቀን ሆኖ እስከ 9 ሰዓት ከቆየ ደግሞ መድኃኒቱ በበረታበት ሰዓት ሆዱ ባዶ ነው። ሰውየው አንዳች ጥፋት ያጠፋ አይመስለውም፤ ነገር ግን የመርፌው ሰዓትና የማዕዱ ሰዓት ተለያይተዋል።

በጎንደር ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በገጠር ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ብዙዎቹ ኑሯቸው ዝቅተኛ የሆነና ሰውነታቸው የከሳ መሆናቸውን አሳይተዋል። እንዲህ ያለው ሰው ጎተራው በሚጎድልበት ወራት ምግብ መዝለሉ አይቀርም። ስለዚህ በቤት ውስጥ እህል ሲያንስ ይህን ለሐኪሙ ሳያፍሩ መንገር ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ የመርፌውን መጠን የሚለካው ሰውየው በሚበላው ልክ ነውና።

ቤተ ክርስቲያናችን ሕመምተኛን በጾም አታስገድድም። እንግዲያስ ዐቢይ ጾም ወይም ፍልሰታ ከመግባቱ አስቀድሞ ሕመምተኛው ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ያማክር። ከሥጋና ከወተት ተከልክሎ የሽሮውንና የምስሩን ወጥ በሰዓቱ መብላት ይቻላል፤ አደጋው ያለው ሰዓቱን በማሳለፉ ላይ ነው። መርፌ ተወግቶ ያለ ምግብ መቆየት እንደማይገባ ሁሉ፣ ለመጾም ብሎ በራስ ፈቃድ መርፌውን መተውም አይገባም።

የስኳር መውረድ ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፤ ያልባል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ድንገተኛ ረኃብ ይመጣል። ቀጥሎም ሰውየው ያለ ምክንያት ይቈጣል፤ ንግግሩ ይኮላተፋል፤ ሲራመድ ይወላገዳል። በሌሊት ከሆነ ልብሱ በላብ ይርሳል፤ በእንቅልፉም ይጮኻል። የማያውቅ ጎረቤት ይህን ሲያይ ሰክሯል፣ ወይም ክፉ መንፈስ ይዞታል ብሎ ሊፈርድ ይችላል፤ በዚህም የሚያድነው ጊዜ ያልፋል። መርፌ የሚወጋ ሰው ጠባዩ ድንገት ከተለወጠ አስቀድሞ የሚታሰበው ስኳሩ መሆን አለበት።

ሰውየው ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ፣ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ መጠጥ መስጠት ነው። በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው ይደገምለት፤ ሲሻለውም እንጀራ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን ትን ብሎት እንዳይታፈን በአፉ ምንም አይጨመርበት፤ በጎኑ አስተኝቶ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ማድረስና መርፌ የሚወጋ መሆኑን መናገር ያስፈልጋል። በዚያ በደም ሥር ግሉኮስ ይሰጠዋል።

ሌላው መጠንቀቅ የሚገባው ስሪንጉ ነው። በብልቃጡ ላይ በ1 ሚሊሊትር 100 ዩኒት የሚል ከተጻፈ፣ ስሪንጉም ለ100 የተሠራ ይሁን። ለ40 በተሠራው ስሪንግ የተለካ እንደ ሆነ፣ ሰውየው ከታዘዘለት ሁለት እጥፍ ተኩል መውሰዱ ነው። ቤተሰቡ አዲስ ስሪንግ በተገዛ ቍጥር ቍጥሩን ይመልከት።

ይህን ሁሉ ሰምቶ መርፌው ይቅርብኝ የሚል ሰው ቢኖር፣ የባሰውን ይመርጣል። ቆሽቱ ፈጽሞ ያቆመበት ሰው መርፌውን ሲተው በጥቂት ቀናት ውስጥ ማስታወክ፣ የትንፋሽ መፍጠንና ራስን መሳት ይመጣበታል፤ ካልታከመም ይሞታል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት ውስጥ በነበሩ ጊዜ በሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ተዘርፈው ነበር፤ መድኃኒት ማጣት ምን እንደ ሆነ የአገሩ ሰው ከዚያ ያውቃል። ጠበል የሚጠመቅም መርፌውን አይተው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲያስተምሩ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ ተናግረው ነበር።

እንግዲህ የቤቱ እመቤትና አባወራ ሆይ፣ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ መርፌ የሚወጋ ሰው ካለ፣ ጠዋት ሳይበላ ወደ እርሻ እንዳይወጣ አድርጉ። በኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ይያዝ፤ አብሮት የሚውለው ሰውም የተጠቀለለው ስኳር ለምን እንደ ሆነ ይወቅ። ሕፃናት ልጆቻችሁም አባታቸው አልቦት ሲንቀጠቀጥ ቢያዩ ስኳሩ የት እንደ ተቀመጠ ይወቁ።