ሳይበላሽ ስለሚጣለው ቴሌቪዥን

የቴሌቪዥን ስርጭት ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ዕለት በአዲስ አበባ ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ፣ በመጀመሪያ በጥቂት ባለጸጎች ቤት ብቻ ይገኝ የነበረው ይህ መሣሪያ ቀስ በቀስ ወደ መካከለኛው ነዋሪ ቤት ሲገባ፣ ባለቤቱ ዳንቴል አልብሶ ከቡፌው ላይ የሚያኖረው፣ የጎረቤት ልጆችም ምንጣፍ ላይ ተደርድረው የሚመለከቱት የክብር ዕቃ ሆኖ ኖሯል።

ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም.፣ ስርጭቱ ከጥቁርና ነጭ ወደ ባለቀለም ሲሸጋገር ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ተፈጸመ። የቀለሙን ጥበብ ቀድሞ የነደፉት መሐንዲሶች የሥዕሉን ብርሃንና ጥላ እንደ ነበረ ትተው፣ ቀለሙን ብቻ በረቀቀ ዘዴ በዚያው ሞገድ ላይ ስለ ደረቡት፣ ባለቀለም ለመግዛት አቅም ያነሰው ሰው በአሮጌው መሣሪያው ያንኑ ዜና፣ ያንኑ ድራማ ሳይቋረጥበት ይከታተል ነበር። ባለጸጋው ቀለም ጨመረ እንጂ ድኻው ሥዕሉን አላጣም፤ ርቱዕ የሆነ ሥልጣኔ ብዬ የማምነውም ይህን የመሰለውን ነው።

አሁን የመጣው ለውጥ ጠባዩ ሌላ ነው። በዲጂታል ስርጭት ሥዕሉና ድምፁ ወደ ቁጥር ተለውጦ፣ ተጨምቆ ስለሚላክ፣ ያን መልሶ የሚፈታ ሪሲቨር ያልተቀጠለበት የቀድሞ ቴሌቪዥን፣ መስተዋቱ እየበራ፣ ድምፅ ማጉያው ደኅና ሆኖ ሳለ፣ የሚያሳየው ዝናብ መሳይ ነጠብጣብ ብቻ ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. በጄኔቭ የተሰበሰቡት የአውሮፓ፣ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ መንግሥታት አናሎግ ከሚባለው ከቀድሞው ስርጭት ለአብዛኛው ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀን እንዲሆን ሲስማሙ በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ አንድ ጣቢያ ብቻውን ይዞት በነበረው የሞገድ ስፋት ብዙ ጣቢያዎች ተካፍለው ሊያስተላልፉበት ይችላሉና፣ የሚተርፈውም ሞገድ ለእጅ ስልክ አገልግሎት ይውላል። እኔም ይህን እድገት የምነቅፍ አይደለሁም። የምጠይቀው፣ የተረፈው ሞገድ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ሀብት ከሆነ፣ ሞገዱ እንዲተርፍ ሲባል ቴሌቪዥኑ የተዘጋበት ቤተ ሰብ ከዚህ ሀብት ድርሻው የት አለ ብዬ ነው።

አሜሪካውያን ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥተዋል። የተለቀቀውን ሞገድ በ2000 ዓ.ም. በጨረታ ሸጠው ወደ 19 ቢሊዮን ዶላር ሲያገኙ፣ ከሞገድ ሽያጭ ከሚገኘው ገንዘብ ለሪሲቨር መግዣ የሚሆን ባለ 40 ዶላር ኩፖን ለአንድ ቤት እስከ ሁለት ድረስ እንዲታደል በሕግ ወስነው ነበር፤ ለኩፖኑ የተመደበው ገንዘብ አልበቃ ብሎ ጠያቂው ወረፋ በያዘ ጊዜም የመዝጊያውን ቀን ከየካቲት 10 ወደ ሰኔ 5 ቀን 2001 ዓ.ም. አሸጋገሩት። እንግሊዞች ዕድሜያቸው 75 ዓመት ለሞላና ለአካል ጉዳተኞች መሣሪያውን እስከ ቤታቸው የሚተክል ባለሙያ ላኩ። ጃፓንም ሐምሌ 17 ቀን 2003 ዓ.ም. አናሎጉን ስትዘጋ፣ በመሬት መንቀጥቀጥና በባሕር ማዕበል የተመቱትን ሦስት አውራጃዎች፣ ኢዋቴን፣ ሚያጊንና ፉኩሺማን፣ እስከ መጋቢት 22 ቀን 2004 ዓ.ም. ታገሠቻቸው።

በእኛ አገር የብዙው ሰው ቴሌቪዥን በዲሽ የሚሠራ ስለሆነ ለውጡ የመጣው በጣራ በኩል ነው። ጣቢያዎቻችን በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው፣ ኢትዮሳት ወደ ተባለው የሳተላይት መድረክ ሲሰበሰቡ፣ ዲሽ ሠሪው ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ሳህኑን በጣት ስንዝር እያዞረ «መጣ?» ሲል፣ ከውስጥ እናትየዋ «ሄደ! አሁን መጣ!» እያሉ ሲመልሱለት ያልሰማ ሠፈር አልነበረም። ነገር ግን ዲሹ በትክክል ከዞረ በኋላም በኤችዲ የሚያስተላልፉትን ጣቢያዎች አሮጌው ሪሲቨር ሊከፍታቸው አልቻለም፤ አዲስ ተገዝቶ ቢመጣ ደግሞ አንዳንዱ የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ብቻ ያለው ስለሆነ፣ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ራስ ባለው ገመድ ለሚሠራው ቴሌቪዥን አይሆነውም። በጡረታ አበል የሚኖር ሰው ለአንድ መሰኪያ ሲል ደኅና ቴሌቪዥኑን ለቆራሌ በርካሽ ይሰጣል፤ ይህ የሚያሳዝን ብክነት ነው።

ብክነቱም በዚያ አያበቃም። የአሮጌው ቴሌቪዥን መስተዋት ከውስጡ የሚወጣውን ጨረር እንዲያግድ እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን የተቀላቀለበት ነው። ከአንገቱ ላይ የተጠመጠመውን መዳብ ነቅሎ ለመሸጥ የሚሰብረው ሰው መዳቡን ይዞ ሲሄድ ስባሪው ልጆች በሚጫወቱበት ሜዳ ይቀራል።

ስለዚህ የአየር ሞገድን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንና ጣቢያዎችን የሚመራው የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን፣ ከሞገዱ ከሚገኘው ገቢ የተወሰነ ክፍል ለአረጋውያንና ለችግረኞች ሪሲቨር መግዣ እንዲውል ያድርጉ፤ ወደ አገር የሚገባው ሪሲቨር ሁሉ ባለ ሦስት ቀለም ገመድ መሰኪያ እንዲኖረው ይዘዙ፤ የአናሎጉን መዝጊያ ቀንም በሬድዮና በየእድሩ አስቀድመው ያስነግሩ። አንባቢዬ ሆይ፣ አንተም ለቴሌቪዥንህ ቆራሌ ከመጥራትህ በፊት ከጀርባው ያን ቢጫ ቀዳዳ ፈልግ፤ ካገኘኸው የሚያስፈልግህ ሪሲቨር ብቻ ነው።