«ዞሮ ዞሮ ብር ገባላቸው»

ቲክቶክ ላይ ጣታችሁን ወደ ላይ እየገፋችሁ ስታልፉ አንዲት እናት ሲያለቅሱ ሳታዩ አልቀራችሁም። ካሜራው ፊታቸው ላይ ተጠግቷል፤ ከጀርባ የሚያሳዝን ሙዚቃ አለ፤ ከሥር የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተጽፏል። አንዱ «ሴትዮዋ እኮ መቀረፃቸውን የወደዱት አይመስልም» ብሎ አስተያየት ሲጽፍ መልሱ አይዘገይም፦ «አንተ ምን አደረግክላቸው? ዞሮ ዞሮ ብር ገባላቸው አይደል?»

መልሱ የሚናቅ አይደለም። በእንዲህ ዓይነት ቪዲዮ የታከመም፣ የቤት ኪራይ የተከፈለለትም ሰው አለ። ግን ውጤት ብቻውን ዳኛ ይሁን ወይ?

ላስታ ላይ ሲነገር የኖረ አንድ ታሪክ አለ። ንጉሥ ላሊበላ ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኩቶ ለአብ ለቅቆለት ነበር ይባላል። ከላሊበላ ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከዋሻ ጣሪያ ጠበል የሚንጠባጠብበት ቤተ ክርስቲያን በስሙ የሚጠራው ያው ንጉሥ ነው። 18 ወር እንደነገሠ ወታደሮቹ ለንጉሡ ማዕድ ብለው የአንድ ድሃ ገበሬ ብቸኛ ላም ነዱ። ነገሩ ያንገበገባት ንግሥት መስቀል ክብራ ባሏ ላሊበላ ወደ ዙፋኑ እንዲመለስ ወተወተችው፤ ተመለሰም።

በሒሳብ ብቻ ካየነው ወታደሮቹ ምን አጠፉ? አንዲት ላም ታረደች፣ አንድ ሰው አዘነ፣ ብዙ ሰው በላ። ትርፍ ነው! ታሪኩ ግን ስንት ሰው እንደጠገበ አይነግረንም። ላሟ የማን እንደነበረች ነው የሚነግረን።

የውጤት ሒሳብ አንዱ ችግር ይኸው ነው፦ ዋጋውን የሚከፍለውን ሰው አይጠይቅም። የገባው ብር ይቆጠራል። የሴትዮዋ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ «እናትህ ቲክቶክ ላይ ስትለምን አየናት» ሲባል የሚሰማው ስሜት ግን የትም አይመዘገብም።

ሌላው ችግር፣ ውጤቱ የሚታወቀው ከድርጊቱ በኋላ መሆኑ ነው። ሁለት ልጆች በአንድ ዓይነት መንገድ ሁለት እናቶችን ቀረፁ እንበል። አንዱን ቪዲዮ ሚሊዮን ሰው አየው፣ ብር ገባ። ሌላውን 200 ሰው አየው፣ ምንም አልገባም፤ የእናትየዋ እንባ ግን ኢንተርኔት ላይ ቀረ። ታዲያ የመጀመሪያው ደግ፣ ሁለተኛው ክፉ ሊባል ነው? ሁለቱም የሠሩት እኮ አንድ ነገር ነው። ልዩነቱን ያመጣው አልጎሪዝም ነው።

«ፈቅደውልኝ ነው» የሚል ይኖራል። ዱቄቱንና ዘይቱን ፊታቸው ደርድረህ፣ ካሜራውን ከፍተህ ስትጠይቃቸው እምቢ የሚሉበትን አቅም ከየት ያመጣሉ? መጀመሪያ ስጥ፣ ከዚያ ጠይቅ፤ እምቢ ካሉም የሰጠኸው እዚያው ይቅር። ፊታቸውን ሳታሳይ ታሪካቸውን መናገርም ይቻላል። የሚገባው ብር ሊቀንስ ይችላል። ይቀንስ።

ምንም ለሌለው ሰው ክብሩ የቀረችው አንዲት ላም ናት። ለበጎ ማዕድም ቢሆን ዝም ብለው አይነዷትም።